አዲስ ሃርድ ዲስክ አልነሳ ሲል

አዲስ ሃርድ ዲስክ ከማሸጊያው ሲወጣ ባዶ ነው። ዊንዶውስ የለበትም፣ ፓርቲሽን የሚባል ክፍልፋይ የለበትም፣ ኮምፒውተሩን ሊያስነሳ የሚችል አንድም ፋይል የለበትም። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ አዲሱ በቦታው ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢወጣ ብልሽት አይደለም፤ ማሽኑ ያየውን በትክክል እየተናገረ ነው። ችግር የሚባለው ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ነው፦ መጫኛው ፍላሽ ተሰክቶ ዲስኩ ከዝርዝሩ ሲጠፋ፣ ዲስኩ እየታየ «እዚህ ላይ መጫን አይቻልም» ሲባል፣ ወይም ጭነቱ ያለ እንከን አልቆ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያው ጥቁር ስክሪን ተመልሶ ሲመጣ። በሦስቱም ጊዜ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ዲስኩን ነው፤ ወደ ገዛበት ሱቅ ይዞት ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ ጤነኛ ነው። የጎደለው በማዘርቦርዱ፣ በዲስኩና በመጫኛው ፍላሽ መካከል ሊኖር የሚገባው መግባባት ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ብር ሳይወጣበት በቅንብር ብቻ ሊስተካከል ይችላል።

መፍትሔው የሚገኘው ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሳ በማወቅ ነው። የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና የተገጠሙትን ዲስኮች ይፈትሻል፤ ከዚያም በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት ዲስኮቹንና ፍላሾቹን እያየ የሚነሳ ነገር ይፈልጋል። ሲያገኝ ሥራውን ለእርሱ አስረክቦ ይወጣል። የሚፈልግበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ የአብዛኛው ችግር ሥርም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ባዮስ የሚባለው ነው። አይቢኤም በ1981 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካወጣው የግል ኮምፒውተር ጋር የመጣ ነው። ባዮስ ስለ ፋይልም ሆነ ስለ ፎልደር የሚያውቀው ነገር የለም። የዲስኩን የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ብቻ አንብቦ እዚያ የተጻፈውን ትእዛዝ ይፈጽማል። በ1983 የተጀመረው ኤምቢአር የሚባለው የፓርቲሽን አሠራር ይህችን ጠባብ ቦታ በዋናነት ለሁለት ጉዳይ ያካፍላታል፦ 446 ባይቱ ለማስነሻ ኮድ፣ 64 ባይቱ ደግሞ ለፓርቲሽኖች ዝርዝር፤ ዝርዝሩ ከአራት ዋና ፓርቲሽን በላይ አይዝም። ሁለተኛው መንገድ ዩኢኤፍአይ ነው። ኢንቴል የጀመረውን ሥራ በ2005 ብዙ ኩባንያዎች ያሉበት ማኅበር ተረክቦ አሳደገው። ዩኢኤፍአይ ፋይል ማንበብ ይችላል። ዲስኩ ላይ በፋት 32 ፎርማት የተደረገች ትንሽ ፓርቲሽን ፈልጎ፣ በውስጧ ያለውን የማስነሻ ፋይል ይከፍታል። ከእርሱ ጋር የሚሄደው የፓርቲሽን አሠራር ጂፒቲ ይባላል፤ ዊንዶውስ ላይ እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፤ የዝርዝሩን ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥም የፊተኛው ቢበላሽ ምትክ አለው። ሰው በልማድ ሁለቱንም «ባዮስ» ይላቸዋል፤ ዛሬ የሚሸጥ ኮምፒውተር ግን የሚሠራው በሁለተኛው ነው።

ፍተሻው መጀመር ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማዘርቦርዱ ዲስኩን ያየዋል ወይስ አያየውም? ኮምፒውተሩ እንደበራ ዲሊት፣ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 10 ሲጫን እንደ አምራቹ ወደ ባዮስ ገጽ ይገባል። እዚያ የዲስኩ ስምና መጠን ከተጻፈ ኬብሉም፣ ኤሌክትሪኩም፣ የዲስኩ ሰርኪዩትም እየሠሩ ነው ማለት ነው፤ የቀረው የቅንብር ጉዳይ ነው። ስሙ ከሌለ ግን ፍላሽ መቀያየርም ሆነ ዊንዶውስን ደጋግሞ ለመጫን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወደሚቀጥለው መሄድ የብዙ ሰዓት ድካም ያስከፍላል፤ ልምድ ያላቸው የጥገና ባለሙያዎችም ከዚሁ ይጀምራሉ።

ዲስኩ ባዮስ ውስጥ ካልታየ መጀመሪያ የሚፈተሸው አካላዊ ግንኙነቱ ነው። የሳታ ዲስክ ሁለት ኬብል ይፈልጋል፤ ጠባቡ ባለ 7 ፒን ለመረጃ፣ ሰፊው ባለ 15 ፒን ለኤሌክትሪክ። የመረጃው ኬብል በቀላሉ ይላላል። በዓይን ሲታይ የገባ መስሎ ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ነቅሎ እንደገና መሰካት፣ ከዚያ በሌላ ኬብል፣ ከዚያም በማዘርቦርዱ ሌላ መሰኪያ መሞከር ይገባል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በእጅ ሲነካ የሚታወቅ ስስ ንዝረት አለው። ንዝረት ከሌለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይም ሞተሩ አልሠራም። ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ዲስክ ሞተሩን የሚያዞረው በ12 ቮልት ሲሆን፣ የላፕቶፑ ትንሹ ዲስክና የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ 5 ቮልት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልቱን በትክክል ካልሰጠ ትንሹ ዲስክ እየሠራ ትልቁ ዝም ሊል ይችላል።

ማስቲካ በሚመስለው በኤም 2 ዲስክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ ቋንቋው ሁለት ነው፦ አንዱ እንደ ድሮው በሳታ ይነጋገራል፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣን መንገድ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያ አንዱን ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሌላው በሚገባ ቢገጥምም አይታይም። አብዛኛው የሳታ ዓይነት በመሰኪያው ጫፍ ላይ ሁለት ጥርብ አለው፣ አብዛኛው ኤንቪኤምኢ ግን አንድ ብቻ። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው የማዘርቦርዱ ወይም የላፕቶፑ መመሪያ ነው፤ ዲስኩ ከመገዛቱ በፊት ማየት ይበጃል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ የኤም 2 ማስገቢያው ሥራ ላይ ሲውል ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ፤ ኤስኤስዲ ሲጨመር አሮጌው ሃርድ ዲስክ በድንገት የጠፋበት ሰው ምክንያቱን የሚያገኘው እዚህ ነው። ከ2014 በፊት በተሠሩ አብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ኤንቪኤምኢ ዲስክ በማስፋፊያ ካርድ ቢገጠምላቸውና ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ቢያዩት እንኳ፣ ባዮሳቸው ቋንቋውን ስለማያውቅ ከእርሱ መነሳት አይችሉም። ለእነዚህ የሚሻለው የሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ወዲያው ይታወቃል።

ባዮሱ ዲስኩን እያየው የዊንዶውስ መጫኛ ግን ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ ሲያሳይ ነገሩ ይለያል። በተለይ ከ2020 ወዲህ የወጡ፣ 11ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ያሏቸው ላፕቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቪኤምዲ የሚባል፣ ዲስኩን በራሱ ቁጥጥር ሥር የሚያደርግ የኢንቴል አሠራር ነው፤ መጫኛው ድራይቨሩ ከሌለው ዲስኩ ተሸፍኖበት ይቀራል። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዶ፣ ፋይሉን ዘርግቶ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥና ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ ድራይቨር ጫን የሚለውን መጫን ነው። እንደወረደ ሳይዘረጋ የተቀመጠ ፋይል አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም በዚህች ነው። ሁለተኛው ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን አጥፍቶ ዲስኩን ኤኤችሲአይ ወደሚባለው የተለመደ አሠራር መመለስ ነው። አዲስና ባዶ ዲስክ ላይ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ቀድሞ የተጫነ ዊንዶውስ ባለበት ማሽን ላይ ግን ቅንብሩ በድንገት ቢቀየር ያ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ አልነሳም ሊል ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጉዳይ ነው። መጫኛው ዲስኩን እያየ «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» የሚለው ለምንድን ነው? ከስር በትንሹ የተጻፈውን ማብራሪያ ያነበበ ሰው ሁለት ዓይነት መልእክት ያገኛል። አንዱ ዲስኩ ኤምቢአር ነው፣ ማሽኑ ግን ጂፒቲ ይፈልጋል ይላል፤ ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው። በሁለቱም የሚነገረው አንድ ነገር ነው፦ ፍላሹ የተነሳበት መንገድና ዲስኩ የተከፋፈለበት መንገድ አልተጣጣሙም። ፍላሹ በዩኢኤፍአይ ከተነሳ ዊንዶውስ የሚጫነው ጂፒቲ ዲስክ ላይ ነው፤ በአሮጌው የባዮስ መንገድ ከተነሳ ኤምቢአር ላይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዊንዶውስ የሚጭን ሰው ይህን አንድ ሕግ ቢይዝ ከችግሩ ግማሹን ይሻገራል።

የማስነሻ ዝርዝሩ በኤፍ 12፣ በኤፍ 9 ወይም በኢስኬፕ ሲከፈት ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሊታይ ይችላል፤ አንዴ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ይዞ፣ አንዴ ያለ እርሱ። ብዙ ሰው ልዩነቱን ሳያስተውል ከላይ ያለውን ይጫናል። ለዛሬ ማሽን የሚሻለው ዩኢኤፍአይ የሚለው ነው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ፣ ሴኪዩር ቡት የሚችል ማሽንና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አብቅቷል። ዩኢኤፍአይ የሚለው አማራጭ ጨርሶ ካልታየ ወይ ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ወይ ፍላሹ ሲዘጋጅ ለባዮስ ብቻ ተብሎ ነው የተዘጋጀው። ሩፈስ በሚባለው የታወቀ ፕሮግራም ፍላሽ ሲሠራ ጂፒቲ ወይስ ኤምቢአር የሚል ምርጫ አለ፤ ያ ምርጫ የሚወስነው ይህንኑ ነው።

ፈጽሞ ያልተነካ ዲስክ በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ መጫኛው በተነሳበት መንገድ ራሱ ይከፋፍለዋል። የሚያስቸግረው ከመጫኑ በፊት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ «ልሞክረው» ተብሎ ፎርማት የተደረገው ነው። ያ ሙከራ የፓርቲሽን አሠራሩን አስቀድሞ ወስኖበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ የዲስኩ ፓርቲሽኖች በሙሉ ይሰረዙና ያልተመደበ የሚባለው ባዶ ቦታ ብቻ ሲቀር እርሱን መርጦ መቀጠል ይሞከራል። ይህ ካልበቃ ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ተጭነው በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ዲስክፓርት የሚባለው ፕሮግራም ይጠራል። መጀመሪያ የዲስኮቹ ዝርዝር ይታያል፤ ቀጥሎ አዲሱ ዲስክ በቁጥሩ ይመረጣል፤ ከዚያ ክሊን የሚለው ትእዛዝ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን ያጸዳል፤ በመጨረሻም ወደ ጂፒቲ እንዲቀየር ይታዘዛል። እዚህ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ክሊን «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። በቁጥር ስህተት የቤተሰብ ፎቶና የዓመታት ሥራ ያለበት ዲስክ ቢመረጥ በአንድ መስመር ይጠፋል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መጠን ማየት ግድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌሎቹን ዲስኮች ሁሉ ቀድሞ መንቀል ነው።

በመጠን በኩል ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። 1 ቴራባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ አልተጭበረበረም፤ አምራቹ በ1000 ሲያባዛ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚያካፍል የመጣ ልዩነት ነው። 4 ቴራባይት ዲስክ ግን በኤምቢአር ሲከፋፈል ግማሽ ያህሉ ለጥቅም አይውልም። ኤምቢአር የዲስኩን ቁራጮች የሚቆጥረው በ32 ቢት ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 512 ባይት ሲሆን ከ2.2 ትሪሊዮን ባይት በላይ መድረስ አይችልም። ለትልቅ ዲስክ ጂፒቲ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ጭነቱ ከተጀመረ በኋላ የሚያጋጥመው የተለመደ ነገር መዞር ነው። ዊንዶውስ ፋይሎቹን ገልብጦ ራሱን አጥፍቶ ያበራል፤ ባዮሱ ውስጥ ፍላሹ ከዲስኩ ቀድሞ ከተመዘገበ ማሽኑ ከፍላሹ ተነስቶ ወደ ቋንቋ መምረጫው ገጽ ይመለሳል። ያልገባው ሰው «አልተጫነም» ብሎ እንደገና ይጀምራል፤ ይህም ማብቂያ የለውም። ማድረግ የሚገባው ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሲያጠፋ ፍላሹን መንቀል ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በዚያን ሰዓት ዲስኩ ላይ ነው። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ መንቀል ግን ጭነቱን ያበላሻል። ግልበጣው ራሱ መሃል ላይ ስህተት እያወጣ የሚቆም ከሆነ ተጠርጣሪው ፍላሹ ወይም በትክክል ያልወረደው የዊንዶውስ ፋይል ነው፤ በሌላ ፍላሽ መሞከር ከሁሉ ይቀድማል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፑ ከዩፒኤስ ጋር ተያይዞ መጫን አለበት። ግማሽ ላይ የተቋረጠን ጭነት ለማዳን ከመታገል ፓርቲሽኖቹን ሰርዞ ከመጀመሪያው መነሳት ይቀላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያደናግረው ግን ሁለት ዲስክ ባለበት ማሽን ላይ የሚሆነው ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ እንዳለ ሆኖ አዲስ ኤስኤስዲ ይጨመራል፤ ዊንዶውስ አዲሱ ላይ ይጫናል፤ ሁሉም ነገር በደንብ ይሠራል። ከሳምንታት በኋላ አሮጌው ዲስክ ሲነቀል ወይም ሲበላሽ አዲሱ አልነሳ ይላል። የሆነው ይህ ነው፦ መጫኛው አሮጌው ዲስክ ላይ ቀድሞ የነበረች የማስነሻ ፓርቲሽን አግኝቶ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው አስቀምጧል። ዊንዶውስ አዲሱ ቤት ሲገባ ቁልፉ በአሮጌው ቤት ቀርቷል። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የኡቡንቱ ጫኚም በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ተጠቃሚው ሌላ ዲስክ ቢመርጥ እንኳ ግረብ የሚባለውን ማስነሻ የመጀመሪያው ዲስክ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ነበረው። ይህን ማስቀረት ምንም ዓይነት ችሎታ አይጠይቅም፤ በጭነቱ ጊዜ አዲሱ ዲስክ ብቻውን ይሰካ፣ ሌላው ካለቀ በኋላ ይመለስ።

ነገሩ ካለፈ በኋላም መዳኛ አለው። ፍላሹ ዊንዶውሱ በተጫነበት መንገድ ይነሳና ኮምፒውተሩን ጠግን በሚለው በኩል የአነሳስ ጥገናው ይሞከራል። ካልተሳካ በዚያው የትእዛዝ መስኮት አዲሱ ዲስክ ላይ ትንሽ የፋት 32 ፓርቲሽን ይፈጠራል፤ ቢሲዲቡት የሚባለው ትእዛዝም የዊንዶውስን ፎልደር ተመልክቶ የጎደሉትን ፋይሎች እዚያ ላይ ይጽፋል። ዊንዶውሱን እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ዲስኩ ብቻውን ሆኖ፣ ጭነቱም አልቆ አሁንም ካልተነሳ ወደ ባዮስ ገጽ መመለስ ነው። የማስነሻው ቅደም ተከተል ውስጥ በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ መጀመሪያ መምጣት ያለበት የዲስኩ ስም ሳይሆን ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር ወይም ኡቡንቱ የሚል ስም ነው። ሲኤስኤም የሚባለው ድሮውን የሚያስመስል ቅንብር ከጭነቱ በኋላ ከተቀየረ የተጫነው ሲስተም አይገኝም። ሴኪዩር ቡት ደግሞ ፊርማው ያልታወቀን ማስነሻ ይከለክላል፤ ኡቡንቱና ፌዶራ ፊርማ ስላላቸው ያልፋሉ፣ አንዳንድ ትንንሽ የሊኑክስ ዓይነቶች ግን ቅንብሩ ካልጠፋ አይነሱም።

አገልግለው ከውጭ በሚገቡ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ብዙ ሰው የሚጠቀመው እነዚህን ነው፣ አንድ ተጨማሪ ነገር መታየት አለበት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ፣ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ካለቀች ዴስክቶፑ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ቅንብሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል። ትናንት በሚገባ የተነሳ ዲስክ ዛሬ አይነሳም፤ ሰዓቱና ቀኑም ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል። የቀኑ መሳሳት ለዚህ ጥሩ ምልክት ነው። የባትሪዋ ዋጋ ከዲስኩ ጋር አይወዳደርም፤ ዲስክ ሲቀየር አብራ ብትቀየር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ዲስኩን የሚያስጠረጥር ነገር ሊቀር ይችላል። በሌላ ኬብል፣ በሌላ መሰኪያና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ካልታየ፣ ወይም እየተሽከረከረ በእኩል ጊዜ እየደጋገመ የማንኳኳት ድምፅ ካሰማ ተበላሽቷል። ድምፅ የሌለው ኤስኤስዲ የሚመረመረው ስማርት በሚባለው የውስጥ መዝገቡ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ቦታ እንዳለው ያሳያል። «አዲስ» ተብሎ በተሸጠ ዲስክ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ተመዝግቦ ከተገኘ አዲስ አይደለም። ዋጋው ከገበያው እጅግ ወርዶ መጠኑ የበዛ ዲስክ ወይም ፍላሽ ደግሞ መጠኑ የውሸት ሊሆን ይችላል፤ ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን ጫፍ እስከ ጫፍ ጽፎና መልሶ አንብቦ እውነተኛውን መጠን ያወጣል። ይህ ምርመራ መደረግ ያለበት ደረሰኙና ዋስትናው በእጅ እያለ፣ ዋጋ ያለው ፋይል ዲስኩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ነው። ወደ ሱቅ የሚመለስ ዲስክም የተሞከረው በየትኛው ማሽንና በየትኛው ኬብል እንደሆነ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክትም በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቢቀርብ ሻጩ ለመቀየር የሚያቅማማበት ምክንያት ይቀንሳል።